በሳምንት ሦስት ጥያቄ

ቆይቆይ «ቲቸር!» ብላ እጇን አወጣች።

«ካርድ?» አለ የሒሳብ አስተማሪው፣ ፊቱን ከሰሌዳው ሳያዞር።

ካርድ የላትም። ገና ማክሰኞ ነው፤ እሷ ግን የሳምንቱን ሦስት ካርዶች ሰኞ ከምሳ በፊት ጨርሳቸዋለች። እጇን እንዳወጣች ወደ ጎን ዞር ብላ አብራት የምትቀመጠውን የክፍል አለቃ አየቻት። አፏን አልከፈተችም፤ ዓይኗ ግን «እባክሽ አንድ አበድሪኝ» እያለ ነው።

የአለቃ ካርዶች ሦስቱም እስክሪብቶ መያዣዋ ውስጥ ናቸው፤ አንዱም አልተነካም። ልጅቷ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ አለቃ ሆና ስለምትመረጥ ስሟ ተረስቶ አለቃ ሆኖ ቀርቷል፤ እናቷም ሳትቀር በዚሁ ነው የምትጠራት። ካርዶቹን አሰበች። ቀጥላ ደግሞ የሐይቁን ጉዞ አሰበች። የመያዣዋን ዚፕ ዘጋችና ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

«ቆይ ቆይ፣ ሰሌዳው ላይ ስህተት አለ እኮ» አለቻት ቆይቆይ በሹክሹክታ። «የስድስቱን ምልክት አይተሻታል?»

«ቲቸር ነው የጻፈው!»

«ቲቸር ቢጽፈውስ? ኤክስ ሁለት ነው አለ አይደል? ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። ከአራት ላይ ስድስት ስትቀንሺ አሥር ይመጣል እንዴ?»

«እሽሽ!» አለ ከኋላ የክፍሉ ምክትል አለቃ። «አንቺ ልጅ፣ ጉዞውን ልታስቀሪብን ነው?»

ቆይቆይ እጇን አወረደች። አስተማሪው ሰዓቱን አየ፤ «ምሳሌ ሦስት ብላችሁ ጻፉት፣ የቤት ሥራውንም በዚሁ መንገድ ሥሩ» አለና ደወሉ ሳይጨርስ ወጣ። አርባ ሦስት ተማሪ ስህተቱን በሚያምር ጽሕፈት ገለበጠ። አርባ አራተኛዋ ተከትላው ወጣች። እሱ ግን እየተራመደ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገላትና ወደሚቀጥለው ክፍል ገባ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ገብቶ ካልፈረመ ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

አሁን «ጥያቄ ለመጠየቅ ካርድ? ምን የሚሉት ጉድ ነው!» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፣ ጉድ ነው። ነገሩ የመጣው በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ አሮጊቷ ርዕሰ መምህርት ጡረታ ሲወጡ ነው። የትምህርት ቤቱ ባለቤቶች በሳቸው ቦታ ያስቀመጡት አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ሲመራ የኖረ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ የማንንም ልጅ አይሳደብም። መጀመሪያ የሠራው ሥራ ከበሩ ላይ «ርዕሰ መምህር» የሚለውን ነቅሎ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል መለጠፍ ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር «ቅልጥፍና» ስለሚል ተማሪው ሳምንት ሳይሞላ «አቶ ቅልጥፍና» አለው።

አቶ ቅልጥፍና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰዓት መቁጠሪያ ይዞ በየክፍሉ ኋላ ተቀመጠ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ቆመ።

«ፋብሪካ ውስጥ መስመሩ ለአንድ ደቂቃ ከቆመ ስምንት መቶ ጠርሙስ ይቀራል» አለ። «እዚህ መስመሩን የሚያቆመው ምን እንደሆነ አጥንቻለሁ። ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ይበላል።»

«ጠርሙስ አይጠይቅም እኮ» አለች ቆይቆይ ለአለቃ፣ በጆሮዋ። ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በማግስቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ቢጫ ካርዶች ታደሉ። የጠየቀ ተማሪ አንድ ካርድ አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ቆርቆሮ ይከታል። ካርድ ያለቀበት እስከ ሰኞ ይጠብቃል። «ቲቸር፣ ልውጣ?» ማለትም ጥያቄ ነው ተባለ፤ አንድ ልጅ ካርዱን ላለመጨረስ ሲል በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያየውን መከራ እሱና ወንበሩ ያውቃሉ። የቤት ሥራ ማረምም ጊዜ ይበላል ተብሎ ቀረ። ዓርብ ዓርብ የክፍል አለቆች ካርዱን ቆጥረው ቁጥሩን ቅጽ ላይ ሞልተው ለሥራ አስኪያጁ ያስረክባሉ። በዓመቱ አጋማሽ ጥቂት ጥያቄ የጠየቀው ክፍል «ፈጣን ክፍል» ይባልና ለሁለት ቀን ሐይቅ ዳር ይሄዳል። ጀልባ አለ፣ ድንኳን አለ፣ ማታ እሳት ይነዳል።

የልጅ ነገር! ጀልባ ሲባል ማን ይጠይቃል? የጎበዞቹ ካርድ ሳይነካ ይከርማል፤ ያልገባቸው ደግሞ በሳንድዊችና በእርሳስ ይገዙታል። ኋላ መግዛትም ነውር ሆነ። እጅ የሚያወጣ ልጅ ከጀርባው «ኧረ በእናትህ!» ይባላል። የነአለቃ ክፍል ከሚመራው ከጎረቤቱ ክፍል ወደ ኋላ የቀረው በሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር። ቆይቆይ ደግሞ ስሟን ያገኘችው «ቆይ ቆይ ቲቸር፣ እሱ ነገር እንዴት ሆነ?» ሳትል ውላ ስለማታውቅ ነው። ነገር የሚገባት ቀስ ብሎ ነው፣ ከገባት ግን አይወጣም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሒሳብ ፈተና ተሰጠ።

አስተማሪው ወረቀቱን ሲመልስ ፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። «ሦስት ኤክስ ሲቀነስ ዘጠኝ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት» አለ። «ኤክስ ስንት ነው? አርባ ሦስት ሰው ‹አንድ› ብሎ ጻፈ! አርባ ሦስት ሰው! ተማክራችሁ ነው? ‹ሰባት› ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት።» ቆይቆይን አያት። ከዚያ የአለቃን ደብተር ከፊቷ አንሥቶ ገልጦ ገልጦ ምሳሌ ሦስት ላይ ቆመ። ስድስቱ ወደ ማዶ ሲሻገር መደመር ሲገባው አሁንም እንደተቀነሰ ነው።

ጆሮው ቀላ። «ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

«አዎ፣ ቲቸር» አለች አለቃ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቃ…»

አልጨረሰውም። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ካለው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። ደብተሩን ቀስ አድርጎ መለሰላትና ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ጠረገ፤ ሰሌዳው ላይ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። አለቃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ቆይቆይ ግን «እኔ እኮ ብዬ ነበር» እንኳ አላለቻትም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያቃጠላት።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አለቃን ቢሮው አስጠራት።

ግድግዳው ላይ የየክፍሉ ቁጥር በቀለም በቀለም ተሠርቶ ተለጥፏል። ወንበር ሰጣት፣ ውሃ ቀዳላት። የነሱ ክፍል የሒሳብ አማካይ ከስልሳ ስምንት ወደ ሃምሳ አንድ መውረዱን በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያት።

«መምህራችሁ መጥቶ ስህተቱ የኔ ነው ብሏል» አለ። «እኔ ግን እዚያ ላይ አላቆምም። እኛ ፋብሪካ አንድ ነገር ሲበላሽ ሥሩ ድረስ ‹ለምን› እያልን እንወርዳለን። ለምን ተሳሳተ? ስለቸኮለ። ለምን ቸኮለ? ጊዜ ስላጠረው። ጊዜውን ማን በላው?» አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ከአምስት ወር ወዲህ ክፍላችሁ ሰማንያ አራት ጥያቄ ጠይቋል። ሃምሳ ሰባቱ የአንዲት ልጅ ናቸው።»

አለቃ ወረቀቱን አነበበችው። ለቆይቆይ አባት የተጻፈ ደብዳቤ ነው። «ልጅዎ ከትምህርት ቤታችን የአገልግሎት አሰጣጥ ጋር ያልተጣጣሙ በመሆናቸው ከሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲፈልጉላቸው በአክብሮት እናሳስባለን» ይላል። ከሥሩ «ተማሪዋ የክፍሉን የመማር ሂደት የምታደናቅፍ መሆኗን አረጋግጣለሁ» የሚልና የክፍል አለቃ የሚፈርምበት መስመር አለ።

«የጥላቻ ነገር አይደለም» አለ ሰውየው በለሰለሰ ድምፅ። «የቁጥር ነገር ነው። ነገ ከሳምንቱ ሪፖርት ጋር ፈርመሽ አምጪልኝ። ደብዳቤው ከወጣ ደግሞ የእሷ ጥያቄዎች ከክፍላችሁ ላይ ይሰረዛሉ። ያኔ አንደኛ ትሆናላችሁ፤ ማንም አይደርስባችሁም።»

በልጅቷ ልብ ውስጥ ምን ምን አልተመላለሰ! ስህተቱን ያየችው እሷ ናት፣ ብቸኛዋ እሷ ናት ልትለው ፈለገች። ካርድ የከለከልኳት እኔ ነኝ ልትለው ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን «እሺ፣ ጋሼ» የሚል ነው። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ እንደ ወትሮው እናቷ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄደች። እናቷ ነጭ ጋዋን ለብሳ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ በፌስታል ሙሉ መድኃኒት ይዘው ቆመዋል።

«እንደገና አስቸገርኩሽ፣ ልጄ። ይቺ ነጯ የጠዋት ናት ያልሽኝ ወይስ የማታ?»

«የጠዋት ናት፣ አባባ። ከምግብ በኋላ።»

«ቢጫዋስ?»

«ቢጫዋ የማታ። ይምጡ እስቲ፣ ምልክት ላድርግልዎ።» ከባንኮኒው ወጥታ አጠገባቸው ቆመችና አንዱ ካርቶን ላይ ፀሐይ፣ ሌላው ላይ ጨረቃ ሣለችላቸው። ሽማግሌው መርቀዋት ወጡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ተመለሱ። «ጨረቃዋ አንድ ፍሬ ናት ሁለት?» እናቷም «አንድ ፍሬ» አለችና ከጨረቃዋ ጎን አንድ ቁጥርን በትልቁ ጻፈችላቸው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያያል፤ ከዚያ ደረሰኙን መቁጠሩን ይቀጥላል።

«ስንተኛ ጊዜያቸው ነው?» አለች አለቃ ሲወጡ።

«አራተኛ። ምነው?»

«አይሰለችሽም?»

«እሳቸውማ ምን ችግር አላቸው! እኔን የሚያስፈራኝ የማይጠይቀው ነው። ‹እሺ እሺ ገባኝ› ብሎ ይወጣና ማታ ሁለቱንም አንድ ላይ ይውጣል።» ልጇን ትክ ብላ አየቻት። «አንቺስ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም። ተናገሪ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።»

አለቃ ተናገረች። ካርዱን፣ ሰሌዳውን፣ የዘጋችውን ዚፕ፣ ደብዳቤውን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። እናቷ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ወይ ጉድ!» አለች። «እኔ እኮ ነጋዴ ቤት ነው የምሠራው። ሻጭ ነኝ። እኛ ነጋዴዎቹ እንኳ ሰው ስንት ጊዜ ጠየቀ ብለን አንቆጥርም! ልጅ የሚያስተምር ሰው ይቆጥራል?» ሌላ ደንበኛ ገባና ንግግሯን አቋረጠች። ደንበኛውን ሸኝታ ስትመለስ ቁጣዋ በረድ ብሎ ነበር። «ነገ መጥቼ ላነጋግረው እችላለሁ። ፊርማው ግን ያንቺ ነው የተባለው። እኔ ላንቺ አልፈርምም፣ አልፈርምም ብዬም ላንቺ አልመልስም።»

ዓርብ ጠዋት አለቃ ለቆይቆይ ነገረቻት። ከዚያ በፊት የካርዱን ነገር «ይቅርታ፣ መስጠት ነበረብኝ» ልትላት ተዘጋጅታ ነበር፤ አለቻትም። ደብዳቤውን ግን ስታሳያት ቆይቆይ እስከ መጨረሻው አነበበችና አጥፋ መለሰችላት። ቆይ ቆይ አላለችም። ለምን አላለችም። እንዴት አላለችም።

«ሌላው ትምህርት ቤት በሁለት አውቶቡስ ነው» አለች። «ትንሹን ወንድሜን ከመዋዕለ ሕፃናት የምወስደው እኔ ነኝ። አባዬ የጥበቃ ሥራው የሚለቀው ማታ ነው።» ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። የባዮሎጂ አስተማሪዋ «ሁሉም ገብቶታል?» ስትል እንኳ ቀና አላለችም።

ይኼኔ ነው አለቃ ደሟ የፈላው። ሰውየው ይህችን ልጅ ዝም ለማሰኘት አምስት ወር ለፍቶ አልተሳካለትም ነበር፤ በአንድ ወረቀት ግን ቀጥ አደረጋት። ሂደቱን አደናቀፈች አሉ! ያደናቀፈውማ ሌላ ነው።

ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፊት ባለው ዕረፍት አለቃ የክፍሉን በር ዘጋችና ፊት ወጥታ ቆመች።

«አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በዚህ ሳምንት ልትጠይቁ ፈልጋችሁ የተዋችሁትን ጥያቄ ሁሉ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ካርድ አይቆረጥም፣ ስም አይጻፍም።»

«ምን ሊሠራልሽ?» አለ ምክትሉ። ካርድ በመጠበቅ ከእሷ የባሰ እሱ ነው፤ ለጉዞው ገና ከወር በፊት የዋና ልብስ ገዝቷል።

«ቅጹ ላይ ልሞላው።»

«አብደሻል እንዴ? ተሸነፍን በይኛ!»

«ያልተጠየቀ ጥያቄ ይቆጠራል የሚል ሕግ አለ?»

የለም። መጀመሪያ ማንም ብዕር አላነሳም። ቀጥሎ ያ ሽንቱን ቋጥሮ የዋለው ልጅ መጻፍ ጀመረ፤ አጠገቡ ያለችውም ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ወረቀት ሲቀደድ፣ እስክሪብቶ ሲለመን ክፍሉ ገበያ መሰለ። አንዳንዱ ሦስት፣ አንዳንዱ ስምንት ጻፈ። አለቃ ሰብስባ አነበበች። «ለዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም?» «ቅጠል ማታ ማታ ምን ይሠራል?» «የታሪክ ቲቸር ‹እንደምታውቁት› ብላ የጀመረችው ነገር ምን ነበር? እኔ አላውቀውም።» «ልውጣ?» የሚል ብቻ ያለበትም ነበር፣ ሦስት ጊዜ ተጽፎ።

አንዱ ብጣሽ ላይ ወደ ግራ የተጋደመ ጽሕፈት አየች። በክፍሉ በግራ እጁ የሚጽፈው ምክትሉ ብቻ ነው። «ኤክስ ምንድን ነው?» ይላል። «የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውም አልገባኝም።» አለቃ ቀና ሳትል ብጣሹን ከሌሎቹ ጋር ደረበችው።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲገባ ሪፖርቱን ይዛ ወደ ቢሮ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ተቀብሎ አየ። «የተጠየቀ፦ ሁለት» ይላል። ከጎኑ በማስመሪያ የተሰመረ አዲስ ረድፍ አለ። «ያልተጠየቀ፦ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ።» ከሥሩ ጥያቄዎቹ አንድ ባንድ ተለጥፈዋል።

«ይህ ረድፍ በቅጹ ላይ የለም» አለ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ጋሼ።»

ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ አንዳንዱን ቆም ብሎ አነበበው። አለቃ ፊቱን ታያለች። እንግዲህ ይሄን አንብቦ የማይገባው ሰው የለም አለች በሆዷ። ሰውየው የሒሳብ መኪናውን ሳበና ጣቶቹን አሯሯጠበት።

«በሁለት ደቂቃ ሲባዛ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ደቂቃ» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ክፍል! አየሽ ስንት ጊዜ እንዳተረፍን? በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው። ለሌሎቹም ክፍሎች እናሠራዋለን። ደብዳቤውስ?»

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይሄ ነው። አለቃ ደብዳቤውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አልፈረምኩም» አለች። «የቲቸርን ስህተት ያኔውኑ ያየችው እሷ ናት። እጇን አውጥታ ነበር። ካርድ አልቆባት እኔን ለመነችኝ፣ ሦስት ካርድ እያለኝ ከለከልኳት። እርስዎ ጊዜያችንን በላች ይላሉ። በዚያች ሁለት ደቂቃ አርባ ሦስት ሰው ከመሳሳት ይድን ነበር። መፈረም ካለብኝ ይሄን ጽፈው ይስጡኝ፣ እፈርማለሁ።»

አቶ ቅልጥፍና መነጽሩን አወለቀ። አልተቆጣም። «ወጣት ነሽ፣ ስሜታዊ ሆነሻል» አለ። «ጥሩ አለቃ ስሜቷን ከቁጥር አታስቀድምም። ከዛሬ ጀምሮ ምክትልሽ ይተካሻል። እሱን ጥሪልኝ።» ደብዳቤውን አቃንቶ እስክሪብቶውን አጠገቡ አስቀመጠ። «በክፍሉ አርባ አራት ተማሪ አለ። አንዱ ይፈርማል።»

«ለጀልባው ሲሉ ይፈርማሉ ብለው ነው?»

«ሂጂ፣ ጥሪልኝ።»

ምክትሉ ከክፍል ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አገኛት። «ምን አለ? ጉዞውስ?»

«ጉዞው ቀርቷል። ማለቴ፣ እኔ አልፈረምኩም። አሁን አንተን ነው የሚጠይቅህ።» ስለ ደብዳቤው ነገረችው፤ ምን እንደሚል፣ ከፈረመ ምን እንደሚያገኝ፣ ቆይቆይ ምን እንደምትሆን። ምንም አልጨመረች፣ ምንም አልቀነሰች። ልጁ ከንፈሩን ነከሰ፤ ግድግዳውን በእግሩ ጠለዘው።

«እኔን ለምን ታስገቢኛለሽ? የዋና ልብስ ገዝቻለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ሊሄድ ሲል ጠራችው። «ስማ፣ ኤክስ ማለት ገና ያላወቅነው ቁጥር ማለት ነው። እስክናውቀው ድረስ የምንጠራበት ስም ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። «በቃ?»

«በቃ።»

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«አምስት ወር!» አለ ምክትሉ። «አምስት ወር ሙሉ በዚች ምክንያት ደንቁሬ…» የቀረውን ስድብ ዋጠውና በሩን አንኳኩቶ ገባ።

አለቃ መሄድ ትችል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ቆይቆይ እጆቿን ጭኗ ሥር እንዳደረገች ናት፤ እናቷም ትጠብቃታለች። ቢሮው ፊት ለፊት ወላጆች ሲመጡ የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። እዚያ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የሰውየው ለስላሳ ድምፅ ይሰማል፤ ቁጥር ይጠራል፣ ሐይቅ ይጠራል። የምክትሉ ድምፅ አይሰማም።

በሩ ተከፈተ። ምክትሉ ወጣ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«አልፈረምኩም» አለ፣ በሷ እንደተቆጣ ሁሉ። «ቀጥሎ ከስም ዝርዝሩ አናት ጀምሮ አንድ ባንድ እየጠራ ያስገባል። የመጀመሪያዋን ልጅ ጥራ ብሎኛል። ከቆይቆይ ሌላ አርባ አንድ ሰው ይቀረዋል።»

«ሲመጡ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ማን ይነግራቸዋል?»

ልጁ ወደ ክፍል ሄዶ የመጀመሪያዋን ልጅ ጠራት፤ አብሯትም ተመለሰ። አለቃ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ አግዳሚው ሥር አስገባችና ለሁለቱም ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ሳትገቢ ቁጭ በይ» አላት ምክትሉ ልጅቷን። «መጀመሪያ የምንነግርሽ ነገር አለ።»